«በጸጋ መቀበል» እና «ጸጋን መቀበል»

ጠያቂ (ከየካ አባዶ)፦

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ጥያቄዬ የተነሣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከምንኖርበት የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ ነው። ባለፈው ሰሞን ትንሹ ልጄ ኳስ ሲመታ የጎረቤታችንን ጀበና ከረከቦቱ ላይ ጥሎ ሰበረባቸው። እትዬ (ፎቁ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው) «ይቅር፣ ልጅ አይደል እንዴ» ብለው ስብርባሪውን ራሳቸው ለቃቀሙት። ልጁ ወዲያው ወደ ጨዋታው ተመለሰ፤ እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አድሮ በማግስቱ አዲስ ጀበና ገዝቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ፊታቸው ቅጭም አለና «ልጄ፣ ይቅር ያልሁት እኮ ይቅር ብዬ ነው» አሉኝ። ጀበናውን እንደ ታቀፍሁ ተመለስሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቡፌያችን ላይ ተቀምጧል።

በዚያው ሳምንት በታክሲ ወደ መገናኛ ስሄድ የሬዲዮው ስፖርት ዘጋቢ ስለ አንድ አሠልጣኝ «ሽንፈቱን በጸጋ ተቀብሏል» ሲል ሰማሁና ሁለቱ ነገሮች ተገጣጠሙብኝ። ሽንፈትን በጸጋ እንቀበላለን፤ ጸጋን ራሱን ግን፣ ከጎረቤትም ይምጣ ከእግዚአብሔር፣ እንዲህ በቀላሉ አንቀበልም። የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ተብለን የተማርነው ቃል የሽንፈት መቀበያ የሆነው እንዴት ነው?

ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር (ከሰበታ)፦

ከሥሩ እንጀምር። ጸጋ «ጸገወ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር የሚዛመድ ስም ነው፤ ጸገወ ማለት ያለ ዋጋ ሰጠ፣ ቸረ ማለት ነው። እንግዲህ ጸጋ ራሱ ስጦታ ከሆነ፣ ዘወትር የምንሰማው «የጸጋ ስጦታ» የሚለው ሐረግ ነገሩን ካጠበቅነው ስጦታን በስጦታ ላይ የደረበ ነው፤ ሥር ስለ ሰደደ ግን እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን አላነሣበትም። በአማርኛ ቃሉ ወደ ሀብትም ሄዷል። «ባለጸጋ» ስንል የምናስበው ገንዘብ ያለውን ሰው እንጂ የተቸረውን ሰው አይደለም፤ ሆኖም ባለጸጋው ያለው ሁሉ የተሰጠው መሆኑን ስሙ ራሱ ያውቃል።

«በጸጋ ተቀበለ» የሚለው አነጋገር፣ እንደ እኔ ግምት፣ የመጣውን ነገር መራራም ቢሆን እንደ ተሰጠ ነገር ቆጥሮ ሳያጉረመርሙ መያዝን ያመለክታል። ስለዚህ ዘጋቢው አልተሳሳተም። ልዩነቱ በዚህ አነጋገር ጸጋ የተቀባዩ ጠባይ መሆኑ ነው፤ በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት ግን ጸጋ የሰጪው ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በኤፌሶን 2፥8 «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ሲል፣ በ«ጸጋው» ላይ ያለው «ው» ወደ እግዚአብሔር የሚመልስ እንጂ የእኛን ጨዋነት የሚያመሰግን አይደለም።

እኔን ይልቅ የሚያሳስቡኝ በዚያው ትርጉም ውስጥ ያሉ ሁለት ሌሎች ቃላት ናቸው። ሮሜ 3፥24 «እንዲያው በጸጋው ይጸድቃሉ» ይላል። ይህ «እንዲያው» ያለ ዋጋ፣ ያለ ምክንያት ማለት ነው፤ የዛሬው አንባቢ ግን «እንዲያው ምን ይሻላል» እንደምንለው የወሬ ማያያዣ አድርጎ ያልፈዋል። የባሰው ደግሞ ማቴዎስ 10፥8 ነው፤ «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ይላል። አንድ ዓመት ጥቅሱን ለምሳሌነት ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ከኋላ ወንበር ያለ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ በከንቱ ከተቀበሉማ ምን ጠቀማቸው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ምክንያቱም ልጁ የጠየቀው ልክ ነበር። ቀድሞ ዋጋ ያልተከፈለበትን ሁሉ ያመለክት የነበረው ከንቱ ዛሬ የቀረው ፍሬ ቢስ ለሆነ ነገር ብቻ ነው። ያልተከፈለበት ነገር ዋጋ ቢስ ነው ብሎ የሚያስብ ኅብረተሰብ ቃሉንም እንደዚያው አድርጎ አጣመመው ብል ከቋንቋ መምህርነቴ ያለፍሁ ይመስለኛል፤ ይሁን፣ ብያለሁ።

በለገጣፎ የማገለግል ዲያቆን፦

መምህር ስለ ጸጋ በሚገባ ገልጸዋል፤ እኔ ስለ እትዬ ቃል ልጨምር። «ይቅር» ቀረ ከሚለው ግስ የወጣ የትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ አይምጣ፣ አይነሣ፣ ባለበት ይተው ማለት ነው። ግእዙም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። አባታችን ሆይ ስንጸልይ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ» እንላለን፤ ኀደገ ማለት ተወ፣ ለቀቀ ማለት ነውና ኅድግ ለነ በቁሙ «ተውልን» ነው። እንግዲህ ጠያቂያችን ጀበናውን ተሸክመው ሲሄዱ፣ እትዬ ቀረ ያሉትን ነገር ከቀረበት አንሥተው መልሰው በራቸው ላይ አቆሙት ማለት ነው። ፊታቸው ቢለወጥ አይፈረድባቸውም።

በዚህ ግስ ላይ አማርኛ የሚያሳየን ሌላም ረቂቅ ነገር አለ፤ እርሱም በ«ለ» እና በ«በ» መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዕዳው ለበዳዩ «ቀረለት» ይባላል፤ ያው ነገር ለተበዳዩ ግን «ቀረበት» ነው። ጀበናው እኮ አልተጠገነም። ለልጁ ቀረለት፣ ለእትዬ ቀረባቸው፤ ይቅር ባይ ማለት «ይቅርብኝ» ያለ ሰው ነው። ስለ ክርስቶስ ቤዛነት ስናስተምር ብዙ ቃል ከምናበዛ ይህችን የሁለት ፊደላት ልዩነት ብናሳይ ሰው ቶሎ የሚረዳን ይመስለኛል፤ ዕዳው ለእኛ የቀረልን፣ እርሱ «ይቅርብኝ» ብሎ መከራውን ስለ ተቀበለ ነውና።

ስለ «ምሕረት» በአጭሩ ልናገርና ላብቃ። በግእዝ መሀረ በሀሌታው «ሀ» አስተማረ ሲሆን፣ በሐመሩ «ሐ» የሚጻፈው መሐረ ግን ይቅር አለ፣ ራራ ማለት ነው፤ ትምህርትና ምሕረት በአንድ ፊደል ይለያያሉ። አማርኛ ሁለቱንም ድምፆች ስለ ጣለ «ተማረ» ዕውቀት ላገኘውም ምሕረት ላገኘውም አንድ ሆነ። ለታመመ «እግዜር ይማርህ»፣ ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ለሞተ «ነፍስ ይማር»፣ ላነጠሰው እንኳ «ይማርህ» እንላለን፤ እርሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። ከልደት እስከ ሞት በምሕረት ውስጥ እየዋኘን ምሕረትን መቀበል አቃተን ማለታችን የሚገርም ነው። ልብ በሉ፣ ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም «አይ፣ አይገባኝም» ብሎ የሚመልስ ሰው የለም።

የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል (ከቡራዩ)፦

ወንድሜ ዲያቆን «አይገባኝም» ስላሉ እርሱን ልያዝ፤ በእኛ ዘንድ ጸጋ ሲተረጎም «የማይገባን ስጦታ» መባሉ የተለመደ ነውና። ይህ ግስ በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። አይገባኝም ማለት አልተረዳሁትም ማለት ነው፤ ደግሞም ለዚህ የተገባሁ አይደለሁም ማለት ነው። በሉቃስ 15 የጠፋው ልጅ «ልጅህ ልባል አይገባኝም» ሲል፣ በሕፃንነቴ እማማ አጠገብ ተቀምጬ ስሰማው ልጅ መባል ምን እንደ ሆነ ያልገባው ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ሳስበው ስሕተቴ ያን ያህል የራቀ አልነበረም። ልጁ ወደ አባቱ ከመነሣቱ በፊት ሲያሰላስል ያዘጋጀው ንግግር ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ የሚል ነበር፤ በጥንቱ አማርኛ ሞያተኛ ማለት እንደ ዛሬው ባለሙያ ሳይሆን በደመወዝ የሚሠራ ቅጥረኛ ነው። ሊገባው ያልቻለውም ይኸው ነበር፤ ወደ ቤት ለመግባት ደመወዝ የሚታሰብበት መንገድ ብቻ ታየው። አባትየው ግን ያቺን ስለ ቅጥር የምትናገረውን ዐረፍተ ነገር እንዲጨርስ እንኳ አልጠበቀውም፤ ልብስ አምጡ አለ። ጠያቂያችን ያቀፉት ጀበናም የዚያ ያላለቀ ዐረፍተ ነገር ታናሽ ወንድም ነው፤ ይቅር ይበሉኝና ነገሩን በእርስዎ ላይ ብቻ አላደርገውም፤ እኔም ቤት ብዙ ጀበና አለ።

ከዲያቆን ጋር በዚህ ቦታ እንለያይ ይሆናል፤ ቀኖናን አንዳንዱ እንደ ክፍያ ሲቆጥረው አያለሁና።

በለገጣፎ የማገለግል ዲያቆን፦

የሚቆጥረው ሰው አለ፤ ስሕተቱ ግን የቆጣሪው ነው። የንስሐ አባት የሚሰጡት ቀኖና ለቁስል እንደሚታዘዝ መድኃኒት እንጂ የዕዳ ሒሳብ አይደለም፤ ፍጻሜውም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ነው። ይህ ፈታ ቋጠሮን ከፈታው ፈታ ጋር አንድ ነው፤ የግእዙ ፈትሐ ደግሞ ፍርድን «ፍትሕ»፣ ማሠሪያ መፍታትን «ፍትሐት» ብሎ ሁለቱን ከአንድ ማሕፀን አውጥቷል። የታሰረ ሰው ራሱን ሲፈታ አላየንም፤ እጁን ዘርግቶ ይቆማል እንጂ።

የቤት እመቤት (ከቱሉ ዲምቱ)፦

እናንተ ሊቃውንት ናችሁ፤ እኔ የማውቀውን ልናገር። እኛ አገር መቀበል የሚያስቸግረው ባህላችን አንዴ ሲሰጡን እንዳንቀበል ስላስተማረን ነው። እንግዳ ማዕድ ላይ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ርቦት እንደ ሆነም ያው ነው። አቅራቢዋም ይህን ስለምታውቅ ጉርሻውን ጠቅልላ እጇን እንደ ዘረጋች «በሞቴ» ትለዋለች። በሞቴ ካለችው በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ አፉን ይከፍታል። አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ ሆኜ «እንካችሁ ብሉ፣ ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ስሰማ ይህ ቃል ትዝ አለኝና አለቀስሁ። እርሱ በእውነት በሞቱ ለምኖን እኛ ገና ጠግበናል እያልን መሆናችን ነው የታየኝ።

ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር (ከሰበታ)፦

እኅቴ፣ «በሞቴ» መሐላ እንጂ ከቅዳሴ የመጣ ቃል አይደለም፤ ይህን ለትክክለኛነት እላለሁ። ያሉትን ግን አልነካውም።

ለጠያቂው ደግሞ አንዲት ትንሽ እርማት አለችኝ፤ የተሰበረ ሸክላ ቁራጭ «ገል» የሚባል ጥሩ ስም እያለው «ስብርባሪ» ብለው ማለፍዎ አሳዝኖኛል።

ጠያቂ (ከየካ አባዶ)፦

መምህር፣ ጀበና ይዤ ልመጣ ነበር፤ ግን እርማቱን በጸጋ ተቀብያለሁ።