አባቴ ያየው የባዝ ከተማ ጥቁር ድንጋይ የት ሄደ?

ሰናይት (ለንደን)

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ወር ሁለቱን ልጆቼን ይዤ እንግሊዝ አገር ወዳለችው ወደ ባዝ ከተማ ሄጄ ነበር። የሄድነው ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው፣ ከ1936 እስከ 1940፣ የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን ለማየት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቤቱን ካየን በኋላ ወደ መሃል ከተማ ወረድን፤ ጥያቄዬም የተነሣው እዚያ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1950ዎቹ ብሪስቶል ተማሪ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ባዝ ይመላለስ ነበር። ለአያቴ የላከላት ፖስት ካርድ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ከፊቱ ሮያል ክሬሰንት የሚባለው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የቤቶች ረድፍ ፎቶ ነው፤ ከጀርባው «እማዬ፣ እዚህ ቤቶቹ ሁሉ እንደ ማድ ቤት ግድግዳ ጥቀርሻ ጠጥተዋል» ብሎ ጽፎላታል። በፎቶው ላይ ዓምዶቹ ከላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ጠቁረዋል፤ ዝቅ ሲሉ ነጣ ይላሉ። እኔ ያየኋት ከተማ ግን ከዳር እስከ ዳር የማር ቀለም ያላት ናት። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ካርዱን አየና «አያቴ የሄዱት ሌላ ከተማ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ሌላም አለ። አባቴ ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ሽቅብ ሲሄድ ጠባብ ሱቆች እንደነበሩ፣ አንድ ጫማ ሰፊ ጫማውን እንደሚያድስለት ይነግረን ነበር። እኛ ከጣቢያው ስንወጣ ያገኘነው ሳውዝጌት የሚባለውን ሰፊ የገበያ ስፍራ ነው። ሕንፃዎቹ የድሮ ይመስላሉ፤ ግን የአባቴን መንገድ አይመስሉም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ድንጋይ ጠራቢው (ብሪስቶል)

እህቴ ሰናይት፣ ልጅሽን «አያትህ እውነቱን ነው የጻፉት» በይልኝ። እኔ 58 ዓመቴ ነው፤ ላለፉት 19 ዓመታት በድንጋይ ጥገና ሥራ ላይ ነኝ። ግማሹን ያህል በባዝ ቤቶች ፊት ርብራብ ላይ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት።

የባዝ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ኩም ዳውን፣ ቦክስና ኮርሻም ከሚባሉት ቦታዎች፣ ከመሬት ሥር ተቆፍሮ የወጣ ነው። ገና ሲወጣ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል፤ አየር ሲያገኝ ይጠነክራል። ሮያል ክሬሰንት በ1767 ተጀምሮ ሲሠራ ድንጋዩ ያንቺ ልጆች ያዩት ዓይነት ቀለም ነበረው። ያጠቆረው የድንጋይ ከሰል ነው። በአንዱ ረድፍ ብቻ 30 ቤት አለ፤ በየክፍሉም ምድጃ ይነድድ ነበር። ከ1840 ጀምሮ ደግሞ ባቡሩ የራሱን ጭስ ጨመረበት።

በከሰል ጭስ ውስጥ ድኝ አለ። ድኙ ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ የኖራውን ድንጋይ ሲያገኘው ገጹን ወደ ጀሶ ይለውጠዋል፤ ጀሶውም ጥላሸቱን እንደያዘ ይደርቃል። ዝናብ የሚመታው ቦታ ላይ ጀሶው እየሟሟ ስለሚወርድ ድንጋዩ ነጣ ይላል፤ ክፈፍ የከለለው ቦታ ላይ ግን ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። አባትሽ የላኩት ፎቶ ከላይ ጠቁሮ ከታች የነጣው ለዚህ ነው። እኔ በርብራብ ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው ካርዱ የሚናገረው።

በ1952 መጨረሻ ለንደንን ያፈነው ጭስ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ፤ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ጭሱ ሲቀንስ ነው ማጠብ ትርጉም ያገኘው፤ በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ከተማዋ መንገድ በመንገድ ታጠበች። መልካሙ አስተጣጠብ ትዕግሥት ይፈልጋል። እንደ ጉም የረቀቀ ውኃ ለብዙ ሰዓት ይነፋበታል። ጥቀርሻው ውኃውን ሲጠጣ እንደ ተነከረ ድርቆሽ ይለሰልስና ለስላሳ ብሩሽ ሲነካው ይለቃል። አንድ ቀን ከአንድ በር ራስ ላይ ያለ የቅጠል ቅርጽ እንዲህ እያጠብኩ ሳለ፣ ከቅጠሉ ሥር የጠራቢው የመሮ መስመር ብቅ አለ። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው እጅ ነው። ብሩሹን አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁት።

ሁሉም ግን እንዲህ አልታጠበም። ሥራውን ገና ስጀምር አንድ ተቋራጭ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል አሸዋ በከፍተኛ ግፊት አስረጨን። ጥቁሩ በግማሽ ቀን ለቀቀ፤ የቅርጾቹ ጠርዝም አብሮ ሄደ። ዛሬም በዚያ ቤት በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል።

አልማዝ (ባዝ)

እዚሁ ከተማ በአረጋውያን እንክብካቤ እሠራለሁ። የማጥባቸው አንዲት እናት ተወልደው ያደጉት እዚህ ነው፤ «ልጅ ሆኜ ድንጋይ ሁሉ ጥቁር ይመስለኝ ነበር፤ ሲያጥቡት ከተማዬን የወሰዱብኝ መሰለኝ» ይሉኛል። መታጠቡ ትክክል ነው የሚለውን አልክድም፤ ጭሱ ደረት ይገድል ነበር። ግን ለእሳቸው እውነተኛዋ ባዝ ጥቁሯ ናት፤ ይህንንም ከማንም በላይ የማወቅ መብት አላቸው ብዬ አምናለሁ።

ሰናይት፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በኤፕሪል 1942 ጀርመኖች ከተማዋን ለሁለት ሌሊት በቦምብ ደበደቧት። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። አሴምብሊ ሩምስ የሚባለው ትልቁ የጭፈራ አዳራሽ ታድሶ በተከፈተ በአራት ዓመቱ ውስጡ ተቃጠለ፤ እንደገና ተሠርቶ የተከፈተው በ1963 ነው። አባትሽ በመጡበት ዘመን ገና ጣሪያ አልባ ፍርስራሾች ነበሩ።

ድንጋይ ጠራቢው (ብሪስቶል)

አልማዝ ያልሽው ልክ ነው፤ እኒያን እናት ከእኔ ሰላም በይልኝ። የቦምቡን ጉዳት ሁሉም ይናገረዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ በሰላም ጊዜ የፈረሰው ነው።

የሰናይት ሁለተኛ ጥያቄ መልስም እሱ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው ሳውዝጌት የተከፈተው በ2009 እና በ2010 ነው። አጥንቱ ዘመናዊ ነው፤ የባዝ ድንጋዩ ከውጭ የለበሰው ልብስ ነው። ከእሱ በፊት እዚያው ቦታ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ሌላ የገበያ ማዕከል ነበር፤ በ2007 ፈረሰ። የአባትሽ ጫማ ሰፊ የነበረበት ሰፈር ደግሞ ለዚያኛው ሲባል ተነሥቷል። አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ፣ ሦስት ከተማ ማለት ነው።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባለሥልጣናቱ ሮያል ክሬሰንትን፣ ሰርከስ የሚባለውን በክብ የተሠራ የቤቶች ረድፍ፣ የሚጎበኙትን ትልልቅ ሥራዎች ጠበቁ። የሠራተኛው፣ የልብስ ሰፊው፣ የአናጢው ትናንሽ ቤቶች ግን የ18ኛው መቶ ዘመን ሥራ ሆነው ሳለ በቡልዶዘር ተጠረጉ። ባላንስ ስትሪት አንዱ ነው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነበር፤ የጠረበው እጅም ያው እጅ ነበር። ከከተማዋ ሥር የመኪና ዋሻ ለመቆፈርም ዕቅድ ወጥቶ ነበር፤ ያ እንኳን ቀረ። ሕዝቡ በቁጣ ባይነሣ ኖሮ ምን ይተርፍ እንደነበር አላውቅም። በ1987 ባዝ በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ እነዚያ ትናንሽ መንገዶች አልነበሩም። ጎብኚው የጸዳውን ድንጋይ አይቶ ሁሉም በቦታው ያለ ይመስለዋል፤ እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው።

ሰናይት (ለንደን)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለልጄ አነበብኩለት፤ ስለ መሮው መስመር ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። በመጪው ቅዳሜ ፖስት ካርዱን ይዘን እንመለሳለን። አባቴ ያየው ጥቁር የቀረበት ቦታ ካለ ሊጠቁሙን ይችላሉ? አልማዝ፣ ፈቃድሽ ከሆነ ካርዱን ለእኒያ እናት ብናሳያቸው ደስ ይለናል።

ድንጋይ ጠራቢው (ብሪስቶል)

አለ እንጂ። ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች ወደ ኋላ ግቡ፤ የቤቶቹ ፊት ታጥቦ ጓሮው የተተወበት ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ከመስኮቱ በላይ ወጣ ያለ ክፈፍ ካለ ከሥሩ ቀና ብላችሁ እዩ፤ እንደ ምጣድ ጀርባ የጠቆረው እሱ ነው። ልጁ እጁ የሚደርስበት ካገኘ ቀስ ብሎ ይንካው። በጥፍሩ ግን እንዳይፍቀው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ድንጋይ እንደ ዱቄት የላላ ሊሆን ይችላል።