የላፕቶፔ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀረብኝ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። በማርች ሁለተኛው እሑድ እዚህ እንደየዓመቱ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲገፋ ስልኬ ራሱን አስተካከለ። ላፕቶፑ ግን እዚያው ቀረ። በእጄ አስተካከልኩት፤ ከኢንተርኔት ጋር ሲናበብ ተመልሶ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ። ሦስቴ ሞክሬያለሁ። የሰዓት ቀጠናው "ዩቲሲ -5፣ ቦጎታ፣ ሊማ፣ ኪቶ" ይላል። ለወቅቱ በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገው ምርጫ ደብዝዟል፤ ብነካውም አይሰራም።

ከአዲስ አበባ ጋር ያለን ልዩነት አሁን ከ8 ወደ 7 ሰዓት ወርዷል። ላፕቶፑን አምኜ ትናንት ለእናቴ ዘግይቼ ደወልኩ። ስልኩን ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠብቀኝ ነበር። በጣም ከነከነኝ።

ካላንደሬ ላይ የወሩ የሥራ ቀጠሮዎች በሙሉ ተመዝግበዋል። ቀጠናውን ወደ ኢስተርን ታይም (ሜሪላንድ ወደሚጠቀምበት ሰዓት) ብቀይረው ቀጠሮዎቹ ሳይዛቡ ሰዓቱ ይስተካከልልኛል?