ሞተሩ የተቀየረ ኮሮላ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የአዘዞዋ፦
እንዴት ሰነበታችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እንጀራ እየጋገርኩ ፒያሳ አካባቢ ላሉ ሦስት ሆቴሎችና ለአንድ ምግብ ቤት አስረክባለሁ። እስካሁን የማመላልሰው በባጃጅ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ አንዴ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሌላ። ክረምት ሲሆን ሸራው ያንጠባጥብና የላይኞቹ ይረጥባሉ። የረጠበ እንጀራ የሚቀበል የለም፣ ይዤው እመለሳለሁ።

ዘንድሮ እቁብ ደረሰኝ። ባለቤቴ ካጠራቀመው ጋር 800 ሺህ ብር ሆነልን። በ2016 ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውም አልቀመስ ብሏል፤ በዚህ ብር ደላላው ያሳየኝ የ1990 ሞዴል ኮሮላ ነው። መኪናው ያለው ማራኪ ሰፈር ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ 780 ሺህ ብለዋል። ቆርቆሮው ንጹሕ ነው፤ ዝገት ያየሁት በሾፌሩ በር ሥር ብቻ ነው።

ሞተሩ ግን የራሱ አይደለም። ሲመጣ ቱ-ኢ የሚባለው ባለ 1.3 ሊትር ነበረ። ከሦስት ዓመት በፊት ደባርቅ ሲሄዱ ሞቀባቸውና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣመመ፤ አሠርተውት አልሆን ሲላቸው ፋይቭ-ኤ የሚባለውን ሌላ ሞተር አስገቡበት። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ አሁንም ያለው የድሮው ሞተር ቁጥርና 1300 ሲሲ ነው። ደላላው «ምን ቸገረሽ፣ ለጊዜው በውክልና ያዢው፣ ስም ማዞሩ ይደርሳል» አለኝ። እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ ቃል ናት። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም። የምታውቁ ሰዎች፣ ምን ልይ? ምን ልጠይቅ?

ካንዴላ፦
እታለም፣ ሞተር መቀየሩ ብቻውን አያስፈራሽ። ጋራዥ ከገባሁ 20 ዓመት አልፎኛል፤ በደንብ የገባ ፋይቭ-ኤ ከደከመ ቱ-ኢ ይሻልሻል። 1498 ሲሲ ነው፣ ጭነት ይዘሽ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጪ ልዩነቱን ታይዋለሽ። መታየት ያለበት ማን እንዴት አድርጎ እንዳስገባው ነው።

መጀመሪያ ነዳጅ የሚያስገባው በካርቡራተር ይሁን በኮምፒውተር በሚታዘዝ ኢንጄክሽን ጠይቂ። ኢንጄክሽን ከሆነ ሞተሩ ብቻውን አይመጣም፤ የራሱ ኮምፒውተር፣ የራሱ ሽቦ፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ ወደ ሰልባትዮ (ነዳጅ ታንከሩ) የሚመለሰው ቱቦ ሁሉ አብሮ መምጣት አለበት። ኮፈኑን ከፍተሽ ሽቦዎቹን በእጅሽ ተከተያቸው። በየቦታው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ቅጣይ ካየሽ ያ መኪና አንድ ቀን ዝናብ ላይ ጥሎሽ ይቆማል። የሞተሩ ጎሚኒዎች የሚታሰሩበትንም እዪ፤ ብየዳ ካለበት አስተካክለው ሳይሆን አስገድደው ነው ያስገቡት።

ስትሄጂ በማለዳ ይሁን፣ ሰዓቱን አትንገሪያቸው። ሳይነሳ ኮፈኑ ላይ እጅሽን አሳርፊ፤ ለብ ካለ አሙቀው ጠብቀውሻል ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ተመለሺ። ተነሥቶ ሲሠራ የዘይቱን ክዳን ክፈችና መዳፍሽን ከላይ ያዢ። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው፤ እጅሽን እየገፋ ጭስ ካወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። የክዳኑ ውስጥ የማኪያቶ ቀለም ካለው ደግሞ ውኃ ከዘይት ተቀላቅሏል፣ ዋጋ ሳትነጋገሪ ውጪ።

ከዚያ ጎሃ ሆቴል የሚወጣውን ዳገት ውጡበት። ሲወርድ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይረግጥ ይውረድ፣ ታች ሲደርስ ረገጥ ያድርግ፤ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ይይ። ሲረገጥ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ ብዙ አያስወጣም። ዳገቱንም ሙሉ ሰማያዊ ካጨሰ ፋሻ ነው፣ ሞተር ማውረድ ነው።

ኮምፕሬሽንም (ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ግፊት) አስለኪ። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ስስ ነው። የሞተሩ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እዚህ ጤነኛ ሞተርም አያመጣውም፤ ከአምስት አንድ ያህል ዝቅ ይላል። በዚህ ተደናግጠው ደህና ሞተር የተዉ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል። ዋናው አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ከ14 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ልዩነት ካለ ተይው።

የመተማ መስመር፦
ካንዴላ ጨርሶታል። እኔ የምጨምረው ራዲያተሩን ነው። ለ1.3 የተሠራው እንዳለ ከቀረ ዳገት ላይ ይሞቅብሻል። ጎንደር ላይ ውኃ የሚፈላው ገና በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ቀይሪው። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን እንዳትከፍቺው፣ አደራ።

ወረቀት ይቅደም፦
እህቴ፣ ሞተሩን መካኒክ ያይልሻል። እኔ ስለ ውክልናው ልንገርሽ፣ የደረሰብኝ ስለሆነ።

ከስድስት ዓመት በፊት ሚኒባስ በውክልና ገዛሁ። ሻጩ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ብሩን ቆጥሬ ሰጥቻቸው ቡና አብረን ጠጣን። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ወካይ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። መኪናው በሕግ የአራት ልጆቻቸው ውርስ ሆነ። አንዷ ውጭ አገር ናት። ስም ለማዞር አራቱንም ማስፈረም ነበረብኝ፣ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ ለምርመራ ሳቀርበው ደግሞ የሞተሩ ቁጥር በሞረድ ተፍቆ ተገኘ። ፋቂው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ተጠያቂው ግን በእጁ የተገኘው እኔ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የዋልኩትን አልረሳውም።

ስለዚህ ቁጥሩን በዓይንሽ እዪ። በጨርቅ ነዳጅ ነክረሽ ጥረጊው፣ በባትሪ አብሪበት። ሞተሩ የተገዛበትን ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቂ፤ አዲሱን ቁጥር ሊብሬ ላይ ለማስገባት ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። ማስገባቱ ደግሞ በእሳቸው ስም፣ ከሽያጩ በፊት ይሁን። ቀብድ ከሰጠሽ በጽሑፍ ስጪ፤ ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ ዕጥፉን ይመልሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2287 ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነው ይላል፤ ግን ሞተሩ መቀየሩን ነግረውሻልና ነገ በዚያ መክሰስ ይከብድሻል። ያልነገሩሽን ዛሬ ጠይቂያቸው፣ መልሱንም ውሉ ላይ አስጽፊው።

የአዘዞዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማለዳ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሄድኩ፣ መካኒክ ነው። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጤዛውም አልረገፈም። በአንድ ጊዜ ተነሣ። ኢንጄክሽን ነው፤ ሽቦው ከነመሰኪያው የመጣ ነው፣ ቅጣይ ያገኘነው አንድ ቦታ ብቻ፣ እሱም የሬዲዮ ነው። ኮምፕሬሽኑ 143፣ 145፣ 140፣ 144 ሆነ። ካንዴላ ወንድሜ፣ አንተ ባትነግረኝ በ140ው ደንግጬ እመለስ ነበር፤ ደላላው ራሱ «ዝቅ ብሏል» ብሎ ፊቱ ተለወጠ። ከጎሃ ስንወርድ ከኋላ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሲረገጥ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ አለና ጠፋ።

ቁጥሩን ሳብስ ልቤ ይመታ ነበር። ቅባቱ ሲለቅ መጀመሪያ የአምስት ቁጥሩ ሆድ ታየኝ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። አልተነካም፤ ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ ያስታውቃል።

ጋሼን «በውክልና አልገዛም» አልኳቸው። ዝም ብለው ወደ ቤት ገቡ፤ ተቀየሙ ብዬ ነበር። ቡናማ ፖስታ ይዘው ወጡ፣ ሞተሩን አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የገዙበት ደረሰኝ ነው። ቁጥሩን እያነበቡልኝ ከጻፍኩት ጋር አስተያየን፣ አንድ ነው። ዲክላራሲዮኑ የለም፤ ከሻጩ ቅጂውን ለማምጣት ልጃቸው አዲስ አበባ ስላለ ልከውታል። ለቫልቭ ጎሚኒው ብለው ወደ 755 ሺህ ወረዱልኝ። 20 ሺህ ቀብድ በሁለት ምስክር ተፈራርመን ሰጠሁ። ሊብሬው በስማቸው ተስተካክሎ በአንድ ወር ካልመጣ ብሬ ይመለሳል። ዕጥፉን አልጠየቅኋቸውም፣ ያን ፖስታ ሦስት ዓመት ጠብቀው ያቆዩ ሰው ናቸው።

ራዲያተሩ የድሮው ስለሆነ እሱን እኔ እቀይራለሁ። እስከዚያ በባጃጅ ነኝ፤ ሸራውን ከውስጥ ላስቲክ አስደርቤዋለሁ።