ጳውሎስ በአቴና አልተሳካለትም ነበር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። በአንድ ጉባኤ ላይ ሰባኪው «ጳውሎስ ከስብከቶቹ ሁሉ ያልተሳካለት የአቴናው ነው፤ ወንጌሉን ትቶ ፍልስፍና አወራ» ሲሉ ሰማሁና አልዋጥልህ አለኝ። ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ያለው ነው። ከተማዋ በጣዖት ተሞልታ አይቶ መንፈሱ ተበሳጨ፤ በምኩራብም በገበያም ተነጋገረ። ኤፊቆሮሳውያንና ኢስጦኢኮች የሚባሉ ፈላስፎች አርዮስፋጎስ ወደሚባለው የከተማዋ ችሎት ወሰዱት፤ እሱም «ለማይታወቅ አምላክ» የሚል ጽሕፈት ካለበት መሠዊያ ተነሥቶ ሰበከ። ትንሣኤ ሙታንን ሲያነሣ ግማሹ አፌዘ፣ ግማሹ ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን አለ፣ ጥቂቶች አመኑ። ይህ ሽንፈት ነው?

የጉባኤ አገልጋይ፦
እኔ ሰባኪው ልክ ናቸው እላለሁ። ንግግሩን ደጋግማችሁ አንብቡ፤ የኢየሱስ ስም የለበትም፣ መስቀል የለበትም። ያለው «ባዘጋጀው ሰው እጅ» የሚል ብቻ ነው። ከአቴና ወጥቶ ቆሮንቶስ ሲገባ ግን ምን አለ? «ከኢየሱስ ክርስቶስ በቀር፣ እርሱም እንደ ተሰቀለ፣ ሌላ ነገር እንዳላውቅ ቈርጬ ነበር።» ትምህርት የወሰደ ሰው አነጋገር ነው። በቆሮንቶስ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ተከለ። ለአቴና ሰዎች የጻፈው መልእክት የታለ? ስኮትላንዳዊው ምሁር ዊልያም ራምዚ ሳይቀሩ ጳውሎስ በአቴና ውጤት አዝኖ አካሄዱን እንደ ለወጠ ጽፈዋል።

የታሪክ መምህር፦
ወንድሜ፣ አድማጮቹ እነማን እንደ ነበሩ ሳናይ ባንፈርድ ይሻላል። ኤፊቆሮሳውያን ነፍስ ከሥጋ ጋር ትበተናለች ይላሉ፤ አማልክት ከሰው እጅ ምንም አይሹም የሚለውን ግን ያስተምራሉ። ኢስጦኢኮች ደግሞ አምላክ በሁሉ ውስጥ አለ ባዮች ናቸው። ስለዚህ ጳውሎስ «አንዳች እንደሚጎድለው በሰው እጅ አይገለገልም» ሲል አንደኛው ወገን ይስማማል፤ «ከእያንዳንዳችን የራቀ አይደለም» ሲል ሁለተኛው። «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» ያለው ቃል የግሪኩ ባለ ቅኔ የአራጦስ ግጥም ነው፤ አራጦስም እንደ ጳውሎስ የኪልቅያ ሰው ነበር። እስከዚህ ድረስ ማንም አላፌዘም።

ፌዙ የጀመረው ትንሣኤ ላይ ነው። ይህ ደግሞ አቴናውያንን ገና ዱሮ የዘጋ በር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት በዚያው ከተማ መድረክ ላይ የቀረበው የኤስኪለስ ተውኔት የአርዮስፋጎስ ችሎት እንዴት እንደ ተቋቋመ ይተርካል። እዚያ ላይ አምላካቸው አፖሎ ራሱ ቆሞ የሰው ደም አንዴ አፈር ከጠጣው በኋላ መነሣት የሚባል የለም ይላል። ጳውሎስ በዚሁ ችሎት ፊት ሞቶ የተነሣ አለ አለ! ሰው ለማስደሰት ቢፈልግ ኖሮ ከዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር በፊት ዝም ባለ ነበር።

ደግሞ ቦታውን አስቡት። ጉባኤው በአርዮስፋጎስ ኮረብታ ላይም ተቀምጦ ይሁን ከታች በገበያው፣ ቀና ሲሉ ፓርተኖን የሚባለው ቤተ ጣዖት ይታያል፤ ውስጡም በወርቅና በዝሆን ጥርስ የተሠራች የአቴና አምላክ ምስል ቆማለች። በዚያ ሥር ሆኖ እግዚአብሔር «እጅ በሠራው መቅደስ አይኖርም» ማለት፣ መለኮትም ወርቅ ወይም ብር አይመስልም ማለት፣ ለእኔ ድፍረት እንጂ ማለዘብ አይደለም።

አንዲት የሰንበት ተማሪ፦
መምህር እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የምጨምረው፣ በሕዝብ መከፈል ከለካን ያልተሳካለት አቴና ብቻ አይደለም። በኢቆንዮን የከተማው ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። በልስጥራ መጀመሪያ ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ናችሁ ብለው ኮርማ ሊሠዉላቸው መጡ፤ ኋላ ግን ጳውሎስን በድንጋይ ወግረው የሞተ መስሏቸው ከከተማ ውጭ ጎተቱት። በሮምም የሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ላይ እኩሌቶቹ አመኑ፣ እኩሌቶቹ አላመኑም። ዛሬ በእኛም ዘንድ ስንት ሰው እጁን አነሣ ብለን ስብከት የምንመዝነው ነገር ያሳዝነኛል። በአቴና ካመኑት እኮ ዲዮናስዮስ የችሎቱ አባል ነበር፤ ደማሪስም በስም ተጽፋለች። ጥቂት ናቸው ተብለው ለምን ይናቃሉ?

የጉባኤ አገልጋይ፦
እህቴ፣ ማንንም አልናቅሁም። ግን አንድ ነገር ይመለስልኝ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 ጳውሎስ ራሱ የእስጢፋኖስ ቤተ ሰዎች «የአካይያ በኵራት» ናቸው ይላል። (ሰማዕቱን እስጢፋኖስን ማለቴ አይደለም፤ በቆሮንቶስ ያለውን ነው።) አቴና አካይያ ውስጥ ናት። ዲዮናስዮስና ደማሪስ ቀድመው አምነው ከሆነ በኵራቱ እንዴት ሌላ ሆነ?

የታሪክ መምህር፦
ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ ከቆሮንቶሱ «ቈርጬ ነበር» ይልቅ እሱ ይከብዳል። ያኛው ጥቅስ አቴናን አያነሣም፤ ክርክሩ በቆሮንቶስ አንደበተ ርቱዕ ፈልገው ከተከፋፈሉት ጋር ነው። ስለ በኵራቱ ግን የምለው ይህን ነው፦ ጳውሎስ ያነሣው ቤተ ሰብ ነው፤ ቅዱሳንን ለማገልገል ራሱን የሰጠ፣ ማኅበር የቆመበት ቤት። በአቴና ያመኑት ግን ነጠላ ሰዎች ናቸው። ለእኔ ይህ ያስኬዳል፤ ለእርስዎ ካልበቃ አልከራከርዎትም።

«ስሙን አልጠራም» ላሉት ግን ቁጥር 18ን ይመልከቱ። ወደ አርዮስፋጎስ የወሰዱት በገበያው ኢየሱስንና ትንሣኤን ስለ ሰበከላቸው ነው። ስሙን ሰምተው ነው የጠሩት።

የጉባኤ አገልጋይ፦
ቁጥር 18ን እቀበላለሁ። የእስጢፋኖስን ግን አልተቀበልሁም።

ጠያቂ፦
ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን ያሉትስ ወዴት ደረሱ?

የታሪክ መምህር፦
ስማቸው አልተጻፈም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ግን የቆሮንቶሱን ጳጳስ ጠቅሶ ዲዮናስዮስ የአቴና የመጀመሪያ ጳጳስ እንደ ሆነ ይነግረናል። በሁለተኛው መቶ ዘመን ደግሞ አርስጢዴስ የሚባል የአቴና ፈላስፋ ለክርስቲያኖች ጥብቅና ቆሞ ለሮም ንጉሠ ነገሥት ጻፈ። የፈላስፋ ልብሱንም አላወለቀም ይባላል።