አልፋ ሮሜዮ 166 ወይስ ላንቺያ ቴሲስ? ያገለገለ ናፍጣ መኪና ልገዛ ነው፣ ምክር እፈልጋለሁ

ዳኒ ፓርማ

ሰላም ለሁላችሁ። ጣሊያን ውስጥ ያገለገለ መኪና የምታውቁ ወገኖች እባካችሁ እርዱኝ።

የምኖረው ከፓርማ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሥራዬ ላ ስፔዚያ ስለሆነ በኤ15 አውቶስትራዳ እመላለሳለሁ። የቺዛን ተራራ ወጥቶ መውረድ ነው። አሁን ያለችኝ ትንሽ የቤንዚን ፑንቶ ዳገቱ አይሆንላትም። ወገቤንም እየጎዳችኝ ነው። ስለዚህ ሰፊ፣ ምቹና ናፍጣ የሆነ መኪና ፈልጌ ሁለት አየሁ።

አንደኛው የ2002 አልፋ ሮሜዮ 166 ነው። 2.4 ጄቲዲ፣ 150 ፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል፣ 238,000 ኪሎ ሜትር የሄደ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፣ 2,300 ዩሮ ብለውኛል። ሁለተኛው የ2005 ላንቺያ ቴሲስ ነው። እሱም 2.4 ናፍጣ ሲሆን ባለ 20 ቫልቭና አውቶማቲክ ነው። 190,000 ሄዷል። የሚሸጠው ነጋዴ 3,400 ይላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ወደ ቴሲሱ ነው። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ መውረድ አላሰኘኝም። ባለቤቴ ግን «ሁለቱም ያረጁ ናቸው፣ ብራችንን ይበሉታል» ትላለች። እሷም አልተሳሳተችም ይሆናል።

ሌላ ጥያቄም አለኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አገር ቤት መግባታችን አይቀርም። ያኔ መኪናውን ይዤ መግባት እችላለሁ?

ሰብለ ቶሪኖ

ዳኒ፣ እኔና ባለቤቴ ቴሲስ ነበረችን። እንደሷ የተመቸኝ መኪና የለም። ልጆቹ ከቶሪኖ ሮም እስክንደርስ እንቅልፋቸውን ይለጥጡ ነበር። ግን ለሥራ መመላለሻ አልመክርህም።

ችግሩ እግሯ ነው። ስካይሁክ የሚባል በኮምፒውተር የሚታዘዝ አሞርዛተር አላት። መንገዱን እያነበበ ራሱን ያጠነክራል፣ ያለሰልሳል። ሲሠራ ግሩም ነው። የኛ የፊተኛው አንዱ ዘይት ማፍሰስ ጀመረና ጋራዥ ወሰድናት። ለሁለቱ የፊት አሞርዛተሮች የጠየቁን ገንዘብ መኪናዋ ራሷ ከምታወጣው ብዙም አላነሰም። ተራ አሞርዛተር ግጠሙላት ብንል ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ አልጠፋ አለ።

ደግሞ የተሠሩት 16,000 ገደማ ብቻ ናቸው። የሞተር ዕቃ ከአልፋና ከፊያት ጋር ስለምትጋራ አይቸግርም። የበር እጀታ፣ የመብራት መስታወት፣ የእጅ ፍሬኑ ሞተር ሲበላሽ ግን ከተፈታ መኪና ላይ ስትፈልግ ትከርማለህ። እጅ ፍሬኗ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑን አትርሳ።

ጋራዥ ሞዴና

ዳኒ ወንድሜ፣ ጥያቄህን በዝርዝር ስለጻፍከው ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው «ጥሩ መኪና ጠቁሙኝ» ብሎ ነው የሚጠፋው። እኔ ሞዴና ውስጥ ጋራዥ ነው የምሠራው። እነዚህን ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተሮች ለዓመታት ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ሞተሩን እንይ። ይህ ሞተር ፕራቶላ ሴራ ነው ይሠራ የነበረው፣ አቬሊኖ አጠገብ። ዛሬ ናፍጣ መኪና ሁሉ የሚጠቀምበትን ኮመን ሬይል የሚባል የናፍጣ መርጫ ዘዴ በቤት መኪና ላይ ቀድሞ ለገበያ ያወጣው አልፋ 156 ነው፣ በ1997። የ166ቱም 2.4 የዚያው ዘር ነው። ብረቱ ጠንካራ ነው። በሰዓቱ ዘይት እየተቀየረለት 400,000 ያለፈ በእጄ አልፏል። ሰው የሚያማርረው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ዙሪያው ላይ በተገጠመው ነገር ነው። 238,000 ሲባል አትደንግጥ። 110,000 የሚል ጽፎ አንድም ደረሰኝ የሌለው መኪና ይበልጥ ያስፈራኛል።

ከሁለቱ 166ቱን ውሰድ እላለሁ። ምክንያቴ ሰብለ የጻፈችው ብቻ አይደለም። ያንተ 166 ባለ 10 ቫልቭ ነው፣ ቴሲሱ ባለ 20። በባለ 20ው አየር ማስገቢያ ውስጥ አየሩን የሚያሽከረክሩ ትንንሽ ክዳኖች አሉ። ዘንጋቸው በዕድሜ ይላላል፣ ጥላሸትም ይከማችባቸዋል። አንዱ ተነቅሎ ከወደቀ የሚሄደው ሲሊንደር ውስጥ ነው። ያኔ ሞተሩ አለቀለት። ባለ 10ው እነዚህ ክዳኖች የሉትም። ጉልበቱ ትንሽ ያንሳል፣ ለቺዛ ዳገት ግን ይተርፋል።

አሁን ስታየው ምን እንደምታደርግ ልንገርህ። ሽማግሌውን «ከመምጣቴ በፊት እንዳያስነሱት» ብለህ ለምናቸው። ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ። ሞቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም። ቁልፉን ስታዞር ወዲያው መነሳት አለበት። ከተነሳ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከተንገጫገጨና ነጭ ጭስ ካወጣ ካንዴሌታዎቹ፣ ማለትም ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁት፣ አልቀዋል፣ ወይም ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጀክተር ደክሟል። ካንዴሌታ ቀላል ነው። ኢንጀክተር አምስት ስለሆነ ወጪው ከበድ ይላል።

ኢንጀክተሮቹን ሳይፈቱ መለካት ይቻላል። እያንዳንዳቸው ትርፍ ናፍጣ የሚመልሱበት ቀጭን ላስቲክ አላቸው። ለአምስቱም አንዳንድ ትንሽ ጠርሙስ ይገጠማል፣ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ከፍታው ይነጻጸራል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞላ ጥፋተኛው እሱ ነው። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ይዘህ ሂድ። አደራህን፣ ሞተሩ እየሠራ ወፍራሞቹን የብረት ቧንቧዎች ማንም እንዳይነካ። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 1,350 ባር ይደርሳል። ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀልድ አይደለም።

ከዚያ ንዳው። አጭር ዙር አይበቃም፣ ግማሽ ሰዓት ቢያንስ። የሙቀት መለኪያው ወደ 90 ወጥቶ እዚያው መቆየት አለበት። ቁልቁለት ላይ ወደ 70 ከወረደ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ሰው ግን ይተወዋል፤ መኪናው ሳይሞቅ እየሠራ ናፍጣ ይጨርሳል። በሦስተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ጀምረህ ነዳጅ ስትሰጠው ቱርቦው ወጥ በሆነ ኃይል መግፋት አለበት። ከደነዘዘ መጀመሪያ ዴቢሜትሮ የሚሉትን የአየር መለኪያ ጠርጥር። ሶኬቱን ነቅለህ ብትነዳው ከተሻለው ጥፋቱ እሱ ላይ ነው። ጭስ መላሹ ቫልቭም በጥላሸት ይዘጋል፣ ያ ግን ተፈትቶ ይታጠባል።

ቆሞ ሲሠራ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ ልቀቅ። ድምፁ ከተቀየረ፣ የሚንኳኳ ነገር ከመጣ ወይም ከጠፋ፣ ቮላኖው፣ ማለትም በሞተሩና በፍሪሲዮኑ መካከል የሚዞረው ከባድ ብረት፣ አልቋል። ባለ ሁለት ክፍል ነው፣ በመካከሉ ስፕሪንግ አለው። ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል። ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑም አብሮ ይቀየራል። በኛ አካባቢ ሁለቱ ተደምረው ከ1,000 ዩሮ በላይ ነው የሚያስወጡህ፣ ዋጋ ስትነጋገር ይህን አስብ።

የፊት እግሩ ላይ ጎማውን የሚይዙት የላይኞቹ ክንዶች፣ ብራቾዎቹ፣ ይጮኻሉ። ጉብታ ስታልፍ ሲጢጥ ካለ ጎሚኒዎቹ (መገጣጠሚያ ላስቲኮቹ) ደርቀዋል። የ166 ሁሉ በሽታ ነው፣ አያስፈራም። የፊት ጎማዎቹን የውስጥ ጠርዝ በእጅህ ዳስስ። ከውስጥ በኩል ብቻ ከተበላ እግሩ ሥራ ይፈልጋል።

ዋናውን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ መቼ ተቀየረ? ፋብሪካው 120,000 ኪሎ ሜትር ይላል። እኔ ያን ያህል አልጠብቅም። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፣ አምስት ዓመት ከሞላው ይቀየራል። የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ስለሆነ ፖምፓውና መወጠሪያው አብረው ይቀየራሉ። ፖምፓውን ትቶ ቺንጋ ብቻ የሚቀይር መካኒክ ጋ አትሂድ። ከፊት ያለውን፣ የውጪውን ቺንጋ የሚያዞረውን ፑሌጃም አሳየው። መሃሉ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሲለቅ የውጪውን ቺንጋ ይበጣጥሰዋል። ቁራጩ ወደ ታይሚንጉ ከገባ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በደህና ቺንጋ የሞተ ሞተር አይቻለሁ፣ በአንድ ፑሌጃ ምክንያት።

ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። «ባለፈው ዓመት አሠርቼዋለሁ» የሚል ቃል አይበቃም።

ኪዳኔ ሮማ

ጋሼ ሁሉንም ጽፈውታል፣ እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር።

ዳኒ፣ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት በታርጋው ቁጥር ከፕራ፣ ከመኪና መዝገብ ቤቱ፣ ቪዙራ የሚባለውን የመዝገብ ማስረጃ አውጣ። ያልተከፈለ ቅጣት ወይም ግብር ካለ መኪናው ላይ ፌርሞ አሚኒስትራቲቮ የሚባል እገዳ ተጥሎበት ሊሆን ይችላል። ያንን ሳታይ ከገዛህ መኪናህን መንዳት አትችልም። ፖርታሌ ዴላውቶሞቢሊስታ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ በመጨረሻው ሬቪዚዮኔ (የቴክኒክ ምርመራ) የተመዘገበውን ኪሎ ሜትር በነጻ ታያለህ። ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ጋር አስተያየው።

የስም ማዞሪያውንም ከዋጋው ጋር ደምር። ከ53 ኪሎዋት በላይ ለሆነ መኪና ለእያንዳንዱ ኪሎዋት 3.51 ዩሮ ነው። 150 ፈረስ ማለት 110 ኪሎዋት ነው፣ ስለዚህ 386 ዩሮ ገደማ። ፕሮቪንቻው (አውራጃው) እስከ 30 በመቶ ሊጨምርበት ይችላል። የቢሮ ክፍያው ሌላ ነው። ቦሎውም በኪሎዋት ነው የሚታሰበው። እንዳንተ ላለ ኤውሮ 3 (የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ነው) መኪና መነሻው ታሪፍ እስከ 100 ኪሎዋት 2.70፣ ከዚያ በላይ ላለው 4.05 ነው። በዓመት ወደ 310 ይመጣል፣ ክልሎች ይጨምሩበታል። መኪናው 20 ዓመት ስላለፈው የታሪካዊ መኪና ምስክር ወረቀት አውጥተህ ሊብሬው ላይ ካስመዘገብከው ቦሎው በግማሽ ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ኤውሮ 3 መሆኑን አስብበት። በፖ ሸለቆ ከኦክቶበር እስከ ማርች አሮጌ ናፍጣ መኪና በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ አያስገቡም። ኤሪያ ቢ በሚባለው የሚላን የመኪና ገደብ ክልል ውስጥ ደግሞ ኤውሮ 5 ናፍጣ እንኳ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ታግዷል። አንተ ከከተማ ውጭ ስለምትኖርና አውቶስትራዳ ላይ ስለምትውል ይቀልልህ ይሆናል። የቤትህ አድራሻ የትኛው ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ውስጥ እንደሆነ፣ ገደቡም የት እንደሚጀምር ግን ከመግዛትህ በፊት አጣራ።

አገር ቤት ስለማስገባቱ ደግሞ እርሳው። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ዳኒ ፓርማ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰብልዬ፣ ኪዳኔ፣ እናንተንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ሁሉንም አነበበች። ቴሲሱን ትቼዋለሁ።

ለሽማግሌው ደወልኩላቸው። ሰውየው ደግ ናቸው፣ ሁሉንም ደረሰኝ በፋይል አስቀምጠዋል። ዘይት በየ15,000 አስቀይረዋል። የታይሚንግ ቺንጋው ግን መጨረሻ የተቀየረው በ2017፣ 171,000 ላይ ነው። ደረሰኙ ላይ ፖምፓ አልተጻፈም። ቪዙራው ንጹሕ ነው። የምኖርበት ኮሙኔም ገደቡ ውስጥ የለም፣ ወደ አውቶስትራዳ ለመግባትም ፓርማ ከተማ አልገባም። ጋሼ፣ በኪሎ ሜትር ከሄድን ገና 67,000 ነው የሠራው። ትንሽ ልንዳበት ወይስ ምን ይሉኛል?

ጋራዥ ሞዴና

አትንዳበት። ኪሎ ሜትሩን ተወው፣ ዓመቱን ቁጠር። ፖምፓው ደግሞ ምናልባት ከዚያም በፊት የነበረው ነው። ፖምፓ ሲይዝ ቺንጋውን ይዞት ይሄዳል።

ሽማግሌውን በአክብሮት አነጋግራቸው። ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ሰው ምክንያት ስትነግረው ይረዳል። ቺንጋ፣ ፖምፓ፣ መወጠሪያና ፑሌጃ ከነእጅ ዋጋው 600 ዩሮ አካባቢ ያስወጣሃል። ያንን ከ2,300ው ቀንስና 1,700 በላቸው። እስከ 1,900 ብትወጣም አልቃወምህም፣ ምክንያቱም በየ15,000 ዘይት የተቀየረለት 166 በቀላሉ አታገኝም።

ስትገዛው ከቤታቸው በቀጥታ ጋራዥ ውሰደው። ቺዛን ያለዚያ እንዳትወጣ። ከዚያ በኋላ አንተም ዘይቱን ከ15,000 አታሳልፍ፣ የናፍጣ ማጣሪያውንም በሁለት ዘይት አንዴ ቀይር። ክረምት ላይ ማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ አስወጣ፣ ጠዋት ተራራው ላይ በረዶ ሲሆን የሚያቆምህ እሱ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛውን ስታስነሳው ድምፁን በስልክህ ቅዳና እዚህ ላክልኝ፣ አዳምጬ የኢንጀክተሮቹን ነገር እነግርሃለሁ።