ሳቅ ያለበት፣ ወጣ ያለ የልጆች ፋንታሲ ጠቁሙኝ

ጥያቄ፦ አክስቷ

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 10 ዓመቷ ነው። ማታ ማታ አብረን እናነባለን። አንዱን ምዕራፍ እኔ፣ አንዱን እሷ። «ቻርሊ ኤንድ ዘ ቾኮሌት ፋክተሪ»ን እና «ዘ ቢ ኤፍ ጂ»ን ጨርሰናል፤ ሁለቱንም በጣም ወዳቸዋለች። አሁን የምናነበው አለቀብን።

የምፈልገው አስማት ያለበት ግን ጨዋታ የበዛበት ታሪክ ነው። የሚያወራ እንስሳ፣ ነገረኛ ጠንቋይ፣ ማንም ያላሰበው ዓይነት አገር ይኑርበት። ዓለምን ከጥፋት እንዲያድን የተመረጠ ልጅ ግን ሰልችቶናል። የአስማት ትምህርት ቤትም ለጊዜው ይቅርብን።

ሌላም ነገር አለ። ራሱን ችሎ የሚያልቅ መጽሐፍ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሰባት ቅጽ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ልጅቷ ደግሞ እናት ወይም አባት ሲሞት ካነበበች እንቅልፍ እምቢ ይላታል። እኔም አብሬ ስለማነብ እኔንም ባይሰለቸኝ ደስ ይለኛል። የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከበድ ሲል ወደ አማርኛ እየመለስኩ እነግራታለሁ።

ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ የቀለም ቀንድ

እህቴ፣ ብዙ አትድከሚ። ከ«ሃፍ ማጂክ» ጀምሪ። ደራሲው ኤድዋርድ ኢገር ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954። አራት እህትና ወንድሞች አንድ ያረጀ ሳንቲም ያገኛሉ። ሳንቲሙ የተመኙትን ይሰጣል፣ ግን ግማሹን ብቻ። መጽሐፉን ሙሉ የሚያስኬደው ይሄ አንድ ሕግ ነው።

እናትየው ሳታውቅ ሳንቲሙን ይዛ ዘመድ ጥየቃ ትሄዳለች። እዚያ ይሰለቻትና «ምነው ቤቴ በሆንኩ» ትላለች። ወዲያው ራሷን የምታገኘው መሃል መንገድ ላይ ነው፣ በጨለማ፣ ለቤቷ ግማሽ መንገድ ቀርቷት። ወንዱ ልጅ ባሕር መሃል ያለ ሰው አልባ ደሴት ይመኛል፤ ሰው አልባው በረሃ ይመጣል፣ ደሴቱ ይቀራል። ትንሿ ልጅ ደግሞ ድመታቸው እንድታወራ ትመኛለች። ድመቷ ግማሽ ታወራለች። ከአፏ የሚወጣው ግማሹ ቃል፣ ግማሹ ጉርምርምታ ነው። እሷም በዚህ ተናዳለች። ያንን ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። እኛ ቤት «ድመቷን የማነበው እኔ ነኝ» ተብሎ ጠብ ተነስቶበታል።

ልጆቹ ነገሩ ሲገባቸው እጥፍ አድርገው መመኘት ይጀምራሉ። የሆነ ቦታ መሄድ ከፈለጉ የዚያን ሁለት እጥፍ ሩቅ ይጠይቃሉ። የሒሳብ ትምህርት መሆኑን ማንም አይነቃም! ምዕራፎቹ 8 ናቸው፤ ረዘም ስለሚሉ አንዱን ለሁለት ማታ ክፈሉት። ተከታዮች አሉት፣ ግን ይሄኛው ራሱን ችሎ ያልቃል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

የቀለም ቀንድ ያላነሳውን ልጨምር። በ«ሃፍ ማጂክ» አባትየው ታሪኩ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ሞቷል። ሲሞት አናይም፣ ለቅሶም የለም። መጨረሻው አካባቢ ግን እናትየው ሌላ ሰው ልታገባ ትላለች፤ አንደኛዋ ልጅ ደግሞ እንጀራ አባት የሚባል ነገር አልዋጥ ይላታል። እኛ ቤት ጥሩ ወሬ ከፍቶልናል። አንቺ ግን አስቀድመሽ እወቂው።

በረሃው ላይ የሚያገኙት ዓረብ የተሳለበት መንገድም ያረጀ አመለካከት አለበት። ቆም ብላችሁ አውሩበት፣ ካልሆነም ዝለሉት።

መልስ፦ ድራጎን ወዳጅ

ወላጅ የማይሞትበት ነው ያልሽው? እንግዲያው «ዲሊንግ ዊዝ ድራጎንስ»፣ የፓትሪሺያ ሪዲ፣ እ.ኤ.አ. 1990።

ሲሞሪን የምትባል ልዕልት አለች። ጎራዴ መማር ትጀምራለች፣ «ለልዕልት አይሆንም» ብለው ያስቆሟታል። አስማት ትጀምራለች፣ ያስቆሟታል። ላቲን፣ ምግብ ማብሰል፣ ሁሉም እንደዚያው። በመጨረሻ ለአንድ ደነዝ ልዑል ሊድሯት ሲሉ ጥላቸው ትጠፋና በገዛ ፈቃዷ ካዙል የምትባል ድራጎን ቤት ሥራ ትገባለች። ታበስላለች፣ የተከመረውን ሀብት ትለያለች፣ መጻሕፍቱን ታስተካክላለች። ደስተኛ ናት። ችግሩ «ላድንሽ መጣሁ» የሚሉ ጀግኖች በሩን ማንኳኳት አይተዉም። እሷ ደግሞ ሥራ አለባት! አንዱን በአንድ ሰበብ፣ ሌላውን በሌላ እያለች ትሸኛቸዋለች።

አራት መጻሕፍት ካሉት ተከታታይ የመጀመሪያው ነው፤ ሌሎቹን ባታነቡ ምንም አይጎድላችሁም። ቋንቋውም ቀላል ነው።

መልስ፦ ሌሊት አንባቢ

ሁሉም ጥሩ ነው። እኔ ግን «ሃውልስ ሙቪንግ ካስል» ሳይጠራ ይሄ ጥያቄ አይዘጋም ባይ ነኝ። ዳያና ዊን ጆንስ የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1986።

ሶፊ የሦስት እህትማማቾች ታላቅ ናት። በእሷ አገር ደግሞ ታላቅ ልጅ ዕድሏን ፍለጋ ብትወጣ እንደማይሳካላት ሁሉም ያውቃል፣ እሷም ተቀብላዋለች። አንድ ቀን ጠንቋይ መጥታ አሮጊት ታደርጋታለች። ምን ትሆናለች ስትሉ፣ ሴትዮዋ ጭራሽ ይመቻታል። አሮጊት ከሆንኩ አይቀር ብላ ያሻትን መናገር ትጀምራለች። የሚንቀሳቀሰው ቤት ውስጥ ሰተት ብላ ትገባና ራሷን ጽዳት ሠራተኛ አድርጋ ትሾማለች።

የቤቱ በር መዞሪያ አራት ቀለም አለው። የትኛው ቀለም ወደ ታች እንደዞረ እያየ በሩ ሌላ ቦታ ይከፈታል። ምድጃው ውስጥ ካልሲፈር የሚባል የእሳት ጋኔን አለ፤ እንጨት ካልተሰጠው ያለቃቅሳል፣ ሊበስልበት ሲል ይኮራል። የቤቱ ባለቤት ሃውል ደግሞ ጠንቋይ ብቻ አይደለም፣ መልኩን የሚያመልክ ሰው ነው። ሶፊ መታጠቢያ ቤቱን ስታጸዳ የዕቃዎቹን ቦታ ትቀያይራለች፤ ጸጉሩን ሲቀባ ያላሰበው ቀለም ይወጣለታል። ምን ያደርጋል? ያለቅሳል፣ ከዚያ ሰውነቱ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣና ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። አሮጊቷ እያጉተመተመች ታጸዳለች። ፍቅር እንዲህም ይጀምራል ለካ ትያለሽ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የሶፊ አባት በመጀመሪያው ምዕራፍ ይሞታል፤ በጥቂት መስመር ያልፋል፣ ቢሆንም አለ። መሃሉ ላይ ደግሞ ሰው ይበዛል። የማን እህት የት እንዳለች አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። አይ የምር፣ ይጠቅማል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

የልጆች ፋንታሲ ደራሲ ወላጅን ከመንገድ ማስወገድ ምን ያህል እንደሚወድ አያችሁ? ወላጅ ካለማ ማን ከቤት ያስወጣቸዋል!

መልስ፦ ዕንቆቅልሽ

«ዘ ፋንተም ቶልቡዝ»፣ ኖርተን ጀስተር፣ እ.ኤ.አ. 1961። ማይሎ የሚባል ሁሉ ነገር የሚሰለቸው ልጅ መኪና የሚያስከፍል የመንገድ ኬላ ክፍሉ ውስጥ ተጠቅልሎ ያገኛል። ሠርቶ ያቆመውና በመጫወቻ መኪናው ያልፋል። ከዚያ በኋላ የቃላት ከተማ አለ፣ የቁጥር ከተማ አለ፣ ሆዱ ሰዓት የሆነ ውሻ አለ። ማንም አይሞትም። የጁልስ ፋይፈር ሥዕሎች ብቻቸውን ይበቃሉ።

መልስ፦ የቀለም ቀንድ

ዕንቆቅልሽ፣ መጽሐፉ አሪፍ ነው፣ ክርክር የለኝም። ግን እህታችን ከበድ ሲል በአማርኛ እነግራታለሁ ብላለች እኮ። የዚህ መጽሐፍ ቀልድ ከግማሽ በላይ የተሠራው በእንግሊዝኛ አባባል ላይ ነው። ቆሞ ማስረዳት ይመጣል፤ የተብራራ ቀልድ ደግሞ አያስቅም። እንግሊዝኛዋ ሲጠነክር ይደረስበት።

መልስ፦ ዕንቆቅልሽ

እሺ፣ በ12 ዓመቷ። ያኔ ግን ሳታነብ እንዳታልፍ።

መልስ፦ ጨረቃ

«ዘ ገርል ሁ ድራንክ ዘ ሙን» የኬሊ ባርንሂል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኒውበሪ ሜዳሊያ አግኝቷል። በጣም ነው የምወደው። ውስጡ ፊርያን የሚባል ትንሽዬ ድራጎን አለ፤ ራሱን ግዙፍ አድርጎ ነው የሚያስበው። አሳዳጊዎቹ እንዳይከፋው ብለው «የምትኖረው ግዙፎች መሃል ስለሆነ ነው» ብለውታል። አምኗል!

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

ጨረቃ፣ ፊርያንን እኔም እወደዋለሁ። ግን መጽሐፉ የሚጀምረው በየዓመቱ አንድ ሕፃን ጫካ ውስጥ በሚጣልበት ከተማ ነው። ልጇን የተነጠቀች እናት ግንብ ላይ ትታሰራለች፣ አእምሮዋም ይነካል። አክስቷ ከነገረችን አንጻር ለመኝታ ሰዓት አይሆንም። ቀን ቀን፣ ትንሽ ስታድግ።

መልስ፦ ጨረቃ

ልክ ነህ። እኔ ድራጎኑን ብቻ ነው ያስታወስኩት።

መልስ፦ ዝምተኛ

ሙሚን። ቶቬ ያንሶን። «ፊን ፋሚሊ ሙሚንትሮል» የሚለውን ያዙ።

አክስቷ

እግዜር ይስጣችሁ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። «ሃፍ ማጂክ»ን እና «ዲሊንግ ዊዝ ድራጎንስ»ን ይዣለሁ። ሦስት ነገር ልጨምር፦ ዝምተኛ፣ ስለ ሙሚን ትንሽ ብትናገሩ? «ሃውል»ን ፊልሙን አይተን መጽሐፉን ብናነብ ይበላሻል? እና ደግሞ ዝርዝሩ ሲያልቅ ራሴ እንዴት ልምረጥ? ሽፋኑ ላይ ሁሉም «አስቂኝና አስደናቂ» ይላል።

መልስ፦ ሌሊት አንባቢ

የፊልሙን ልመልስ። የሃያዎ ሚያዛኪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው፤ ግሩም ነው። ግን ጦርነቱን ከፍ አድርጎ ሌላ ታሪክ ሆኗል። መጽሐፉ የበለጠ ያስቃል። የትኛውም ቢቀድም አይበላሽም፤ ልጅቷ «እዚህ ጋ እንዲህ አልነበረም!» ማለት የምትወድ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉ ይቅደም።

ስለ መምረጥ እኔ የማየው አንድ ነገር ነው። እንግዳው ነገር ሕግ አለው ወይ? ሰዎቹስ ሕጉን ከምር ይዘውታል ወይ? ሳንቲሙ ግማሽ ይሰጣል፤ ስለዚህ ልጆቹ ማስላት አለባቸው። በሩ በቀለም ይከፈታል፤ ስለዚህ የተሳሳተ ቀለም ያዞረ ሌላ ከተማ ይወጣል። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። በየገጹ አዲስ ጉድ ብቅ ካለ በኋላ ምንም ሳያስከትል ከጠፋ ግን ሃምሳ ገጽ ላይ ሁለታችሁም ታዛጋላችሁ። ደራሲው በራሱ ቀልድ የሚስቅበትንም አልወድም። ከልጆቹ ውጪ ያሉት ሰዎች የራሳቸው ጣጣ ካላቸው ደግሞ ለአንቺም አይሰለችም፤ ካልሲፈርን የምወደው ለዚህ ነው።

ለሙከራ፣ መጀመሪያ ሦስት ገጽ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ። ምላስሽ ከተደናቀፈ ለማታ አይሆንም። ሽፋኑ ጀርባ ላይ «የዓለም ዕጣ በእጇ ላይ ነው» የሚል ካለ እንዳልሺው ይመለስ።

መልስ፦ ድራጎን ወዳጅ

በዚህ መለኪያ «ቱዝደይስ አት ዘ ካስል»ም ያልፋል። ጄሲካ ደይ ጆርጅ፣ እ.ኤ.አ. 2011። ቤተ መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ማክሰኞ አዲስ ክፍል ያበቅላል፤ ትንሿ ልዕልት ካርታውን ለመሳል ትሯሯጣለች። ንጉሡና ንግሥቲቱ ይጠፋሉ። ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፦ በሕይወት ይመለሳሉ። እሱን በጆሮዋ ሹክ ብትያትም አይከፋም።

መልስ፦ የቀለም ቀንድ

ገንዘብ ሳታወጪ የምትሞክሪው ደግሞ አለ። ኢ. ኔዝቢት የምትባል እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1902 «ፋይቭ ችልድረን ኤንድ ኢት»ን ጻፈች። ኢገር ራሱ የእሷ አድናቂ ነበር፤ በ«ሃፍ ማጂክ» ያሉት ልጆች የእሷን መጻሕፍት ያነባሉ። የባለቤትነት መብቱ ስላበቃ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ።

አምስት ልጆች አሸዋ ሲቆፍሩ ጸጉራም፣ ዓይኑ እንደ ቀንድ አውጣ የሚወጣና የሚገባ፣ ቁጡ ፍጥረት ያገኛሉ። በቀን አንድ ምኞት ይሰጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። «ቆንጆ አድርገን» ይሉታል። ያደርጋቸዋል። ትንሹ ወንድማቸው አላውቃችሁም ብሎ ይጮሃል፣ ሠራተኛዋ ምሳ ሰዓት ላይ በር ትዘጋባቸዋለች። ሌላ ቀን ክንፍ ይመኛሉ፤ ሲመሽ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው ክንፉ ይጠፋል። እንግሊዝኛው የድሮ ስለሆነ እንዲህ ያለውን አንቺ ብታነቢ ይሻላል። የዘመኑ ንቀት የሚታይባቸው ምዕራፎችም አሉ፤ አስቀድመሽ ገልበጥ አድርጊው።

መልስ፦ ዝምተኛ

ሙሚኖች ነጭ፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ፍጥረቶች ናቸው። ቤተሰቡ ሙሉ ነው፤ እናት አለች፣ አባት አለ፣ በራቸውን ለማንም አይዘጉም። ያንሶን ፊንላንዳዊት ናት፤ በስዊድንኛ ነው የጻፈችው። የጠቀስኩት እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ነው።

ልጆቹ የአስማተኛ ባርኔጣ ያገኛሉ። ውስጡ የገባ ነገር ሁሉ ይቀየራል። የእንቁላል ቅርፊት ሲጥሉበት ትንንሽ ደመና ይሆናል፤ ይጋልቡታል። አንድ ቀን የቤቱ ልጅ ሙሚንትሮል ራሱ ውስጡ ይደበቅና መልኩ ተቀይሮ ይወጣል። ጓደኞቹ አያውቁትም። እናቱ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፣ ታውቀዋለች፣ ወዲያው ይመለሳል። ለልጅቷ ይሄ ይሆናታል ብዬ ነው።

አክስቷ

ይሄማ መጀመሪያ ይሁን። ከእሱ በፊት የወጡ የሙሚን መጻሕፍት አሉ የሚል አየሁ፤ ከእነሱ መጀመር አለብን?

መልስ፦ ዝምተኛ

አይ። ሁለት አሉ፤ የ1945ቱ ጎርፍ፣ የ1946ቱ ደግሞ ጅራታም ኮከብ ነው። ሁለቱም ጨለም ይላሉ። ምዕራፎቹ ለየብቻ ስለሚነበቡ ከባርኔጣው ጀምሩ፤ ከወደደችው በኋላ ወደ ኮከቡ ትመለሳላችሁ።