የወፍጮ እንጉርጉሮ አማርኛ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ?

ርዕሱን የከፈተችው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ስለ ቤተሰብና ስለ ምግብ የሚናገር ግጥም አምጡ ተብላ፣ አያቷ ድሮ በእጅ የሚፈጭ የድንጋይ ወፍጮ ላይ ሆና ታንጎራጉር የነበረውን ጽፋ ሄደች። መምህሯ «ይሄ ዘፈን ነው፣ ግጥም አምጪ» ብለው መለሷት። አንጀቴ ነው ያረረው። ቤት ይመታል፣ ሐሳብ አለው፣ ሰው ያስለቅሳል፤ ታዲያ ግጥም ለመሆን ምን ቀረው? እኔ ትምህርት ቤት ይግባ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የአማርኛ መምህር፦
ልጅቷ መመለስ አልነበረባትም። ግን የኛንም ጭንቀት ስሙልን። ክፍለ ጊዜው አጭር ነው። ከበደ ሚካኤልን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታን በቅጡ ሳያነብ የሚያልፍ ተማሪ እያየሁ ሌላ ልጨምር? ደግሞ ቃል ግጥም አንድ መልክ የለውም። እሹሩሩን እንኳ ብትወስዱ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይጨምርበታል። አንዱን መጽሐፍ ላይ ካተምነው የሌላው ቤት እንደ ስህተት ሊቆጠር ነው።

ርዕሱን የከፈተችው፦
እሹሩሩን ካነሱ አይቀር፣ «የማሙሽ እናት ቶሎ ነይለት» የሚለውን ልብ ብለውታል? የምታዜመው እናትየው አይደለችም። እናትየውማ የለችም፣ እየተጠራች ነው። ሕፃኑን ያዘለችው ታላቅ እህቱ ናት፣ ወይ አክስቱ፣ ወይ ሞግዚቷ። «ወተቱን በጡትሽ ይዘሽለት» ስትል እሷ ልትሰጠው የማትችለውን ነው የምትለምንለት። ጀርባዋን ሰጥታዋለች፣ ድምፅዋንም ሰጥታዋለች፣ ረሃቡን ግን ማስታገስ አትችልም። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። ይህን ለ7ኛ ክፍል ልጅ ለማሳየት 20 ደቂቃ ይበቃል። ልዩነቱም ችግር አይመስለኝም፤ ሁሉም የቤቱን ይዞ ይምጣና ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ።

የገጠር ልጅ፦
እኔ «ቅርስ፣ ቅርስ» የሚለው ነገር ነው የሚያሳስበኝ። እናቴ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ነበር የምትፈጨው። መጁ፣ ማለትም በእጅ የሚገፋው የላይኛው ድንጋይ፣ ያደደረው መዳፏ እስከ ዛሬ አልለሰለሰም። የናፍጣ ወፍጮ ሰፈራችን የገባ ቀን እልል ነው ያለችው። አሁን ያንን መከራ አሳምረን ልጆች በቃላቸው እንዲወጡት ልናደርግ ነው? እሷን ብትጠይቋት ወፍጮውን ማየት አትፈልግም።

ርዕሱን የከፈተችው፦
ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔም የምለው እሱኑ ነው። እንጉርጉሮ እኮ ምሬት ነው። ለአማቷና ለባሏ ፊት ለፊት የማትናገረውን ነበር ወፍጮው ላይ የምታወጣው። የድንጋዩ ድምፅ ግማሹን ቃል ይውጠዋል፣ ስለዚህ ትደፍራለች። መጁ ሲሄድ አንድ ሐረግ፣ ሲመለስ አንድ ሐረግ። ግጥሙ ሲነበብ ሌሊት 10 ሰዓቱም መዳፏም አብረው ይነገሩ። ጥበቡን አድንቀን ድካሟን ከዘለልነውማ አንተ እንዳልከው ይሆናል፤ ያኔ እኔም ከአንተ ጋር ነኝ።

ሌላ አንባቢ፦
ሆያ ሆዬን ማን መምህር አስተማረን? ነሐሴ ሲደርስ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፣ ባለቤቱን ያወድሳሉ፣ ይመርቃሉ። በየቦታው ሙልሙሉ በብር ተተካ እንጂ ግጥሙ አለ። የመስቀል በዓልንም ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. መዘገበው እንጂ ሳይመዘገብም ስናከብረው ኖረናል። ሕዝብ የወደደውን አይጥልም። ትምህርት ቤት ሲገባ ነው የሚደርቀው።

ርዕሱን የከፈተችው፦
ሆያ ሆዬ ያለው የሚንኳኳ በር ስላለ ነው። የወፍጮው ግጥም ግን ሥራው ቀርቷል፣ ከሥራው ጋር መተላለፊያውም ቀረ። የእናቴ ወፍጮ ዛሬ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ውሃ ይጠጣበታል። ልጄ ግጥሙን ስትጠይቃት መጀመሪያ አልመጣላትም። ሁለት ስንኝ ትልና ይጠፋባታል። በኋላ ሳታስበው ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ መግፋትና መሳብ ጀመረች፣ ያኔ ተከታትሎ መጣ። ልጄ ጽፋ የሄደችው እሱን ነው።

የአማርኛ መምህር፦
ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ከቤታቸው ይዘው እንዲመጡ አደርጋለሁ። ፈተና ላይ ግን እንዳይገባ እከራከራለሁ። ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ምርጫ ከሆነ ልጆቹ ይጠሉታል።

ርዕሱን የከፈተችው፦
ፈተናው ላይ ተስማምተናል፣ መጽሐፉ ላይ ገና ነን። እኔ ነገ ደብተሯን ይዤ መምህሯ ጋ እሄዳለሁ። እናቴም አብሬሽ ልምጣ ብላለች።